ከሠርግ ድንኳን ወደ ሮክ መድረክ፦ የአንድ አንጋፋ ጊታሪስት መመለስ

የጽሑፉ መነሻ

በባሕር ዳር ከተማ የድምፅ መሣሪያ በማከራየትና በማስተካከል ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ጊታራቸውን ሰቅለው ሌላ ሥራ የያዙ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላም አውርደው እንደገና ለመጀመር የሞከሩ ሙዚቀኞችን አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ከሁለትና ከሦስት ወር በላይ አልዘለቁም። ከዚህ በታች የምጽፈው ጉዳይ ግን ዘልቋል። ባለጉዳዩ በ61 ዓመታቸው ወደ ዜማዊ ሃርድ ሮክ የተመለሱ የሊድ ጊታር፣ ማለትም ዜማውን የሚመራው ጊታር፣ ተጫዋች ሲሆኑ፣ እኔም ከመጀመሪያው ልምምድ እስከ መጨረሻው ቅጂ ድረስ በድምፅ ባለሙያነት አብሬያቸው ነበርኩ። ስማቸውን ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። በቡድኑ ውስጥ ሁላችንም ጋሼ እያልን ስለምንጠራቸው እዚህም በዚሁ እቀጥላለሁ።

ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገኝ ችግሩን የፈለግንበትና ያገኘንበት ቦታ ስለተለያየ ነው። ሰውየውን ያየ ሁሉ «ጣታቸው ደርቋል» ብሎ ነበር፤ እኔም ብዬ ነበር። ጣታቸው በአራት ወር ተፈታ። ሥራውን ከግማሽ ዓመት በላይ ያጓተቱት ግን ምታቸውና ጆሯቸው ናቸው፤ እነዚህም ያን ያህል ጊዜ ሳይታወቁ የቆዩት ከመካከላችን ለጋሼ ደፍሮ የሚናገር ሰው ስላልነበረ ነው።

ዳራ

ዜማዊ ሃርድ ሮክ የሚባለው ከባድ የጊታር ድምፅ ያለው፣ ሆኖም ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ ሊያንጎራጉረው የሚችል ዜማ የሚሸከም የሮክ ዓይነት ነው። በውጭው ዓለም በተለይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ተስፋፍቷል፤ የአየርላንዱ ቲን ሊዚ፣ የጀርመኑ ስኮርፒየንስ፣ የአሜሪካው ቦስተንና የስዊድኑ ዩሮፕ በዚህ መንገድ ከሚታወቁት ቡድኖች ውስጥ ናቸው። ጋሼ ይህን ሙዚቃ መጀመሪያ የሰሙት በካሴት ነው። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1977 ቢዘጋም፣ ከሬዲዮው የተቀዱ ካሴቶች ከእጅ እጅ እየተገለበጡ ለዓመታት ሲዞሩ ነበርና ከእነዚያ የተወሰኑት እሳቸው ዘንድ ደርሰዋል።

የተወለዱት በደምበጫና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለ ገጠር ነው። በልጅነታቸው ሁለት ዓመት ያህል ቅኔ ቤት ቆይተው፣ ከመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ሳያልፉ ወደ አስኳላ ገቡ፤ ይህ ነገር ኋላ በሶሎ (ጊታሩ ብቻውን በሚወጣበት ክፍል) አሠራራቸው ላይ ስለሚመጣ ነው አስቀድሜ የጠቀስኩት። በደርግ ዘመን በየአውራጃው በተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች በአንዱ ውስጥ ጊታር ያዙ፤ በ1975 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው በሆቴል ባንድ ውስጥ ተቀጠሩ። ባንዱ ለእራት እንግዶች ለስላሳ ሙዚቃ እየተጫወተ፣ በልምምድ ሰዓት ግን ሃርድ ሮክ ያጠና ነበር፤ ሰዓት እላፊው አስገድዶ እንግዶቹ እስኪነጋ እዚያው በሚያድሩባቸው ሌሊቶች ደግሞ ያጠኑትን ለመድረክ ያወጡት ነበር። ጋሼ ስለነዚያ ሌሊቶች ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

በ1983 ዓ.ም. ባንዱ ተበተነ። ባሕር ዳር መጥተው ሃያ ዓመት ያህል በሠርግ ላይ ተጫወቱ። ያ ዘመን ኪቦርድ ድራሙንም ቤዙንም ብራሱንም ተክቶ ሙሉ ባንድ መቅጠርን ያስቀረበት ዘመን ስለነበር፣ ከአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ጎን ቆመው ሊድ እየጨመሩ ኖሩ። ጎን ለጎን የከፈቱት የእንጨት ሥራ ቤት እያደር ዋና መተዳደሪያቸው ሆነና ጊታሩን አስቀመጡት። በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ቀን የጊታር ድምፅ ማጉያ (አምፕ) ፈልገው ወደ መጋዘኔ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ አንድ አምፕ አውሰኝ። ለሠርግ አይደለም።»

«ለምንድነው ጋሼ?»

«ለራሴ ነው» ብለው ዝም አሉ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ወጣቶች ተጨመሩ፤ ድራመር፣ ቤዝ ተጫዋችና ሁለተኛ ጊታሪስት፤ ሦስቱም ከ25 ዓመት በታች ነበሩ። ድምፃዊው የመጣው ዘግይቶ ነው። የምንለማመደው ቆርቆሮ ክዳን ባለው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር።

የክፍሉን ነገር ቶሎ ልለፈው። በግድግዳው መስመር ላይ የመሬት ሽቦ አልነበረም፤ ስለዚህ ጊታሩ በተሰካ ቁጥር ያ የምናውቀው የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ ይሞላናል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ጉምጉምታውም በዚሁ ድምፅና በእጥፉ ላይ ይቀመጣል፤ ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውና የሚያከብደው) ሲከፈት ደግሞ ከሙዚቃው እኩል ይገዝፋል። ከዚህ የባሰው አደጋው ነው፤ አንድ ቀን ሁለተኛው ጊታሪስት ጊታሩን እንደያዘ ከንፈሩ ማይክሮፎን ሲነካ ነዘረው። በዚያው ሳምንት መዳብ የተለበጠ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብረን፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞልተን ውኃ አጠጣነው፤ መሣሪያውንም ሁሉ ከአንድ ሶኬት መስመር እንዲመገብ አደረግን። ጉምጉምታው ወረደ፤ መንዘሩም ቀረ።

የጣታቸውም ነገር ከተፈራው ይልቅ ቀላል ሆነ። ጋሼ በጊታራቸው ላይ ያሰሩት ክር የሠርግ ቤቱ ወፍራም ክር ነበር፤ የመጀመሪያው ክር ውፍረት 11 ነው፣ ይኸውም የኢንች ሺኛ 11 ማለት ነው። ወደ 9 አወረድነው። የክር ውጥረት ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ይህ ብቻውን የመጀመሪያውን ክር ውጥረት በሲሶ ያቀልላል። በዚያ ላይ ስድስቱንም ክሮች በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገን ስንቃኛቸው ሌላ 11 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሁለቱ ተደምረው፣ ክር ስበው ድምፁን ወደ ላይ ሲያወጡት ጣታቸው የሚከፍለው ጉልበት ቀድሞ ከሚከፍለው ሦስት አምስተኛ ገደማ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ይጠነክርባቸው የነበረው የቀለበት ጣታቸው በየዕለቱ 20 ደቂቃ በቀስታ እየተሠራ በአራት ወር ውስጥ ተፈታ። «ጊታሩ ነው የዘነበለልኝ» ይሉ ነበር።

ምት

ጣታቸው እየተፈታ እያለ ሙዚቃው ግን አልተነሳም። አራቱ አብረው ሲጫወቱ አንድ ነገር ይንገዳገዳል፤ ምን እንደሆነ ግን ለመናገር የሚቸግር ዓይነት መንገዳገድ ነው። ለሁለት ወር ያህል ድራመሩን ወቀስነው፤ ልጁም ወቀሳውን ተቀበለ።

በመጨረሻ አንዱን ልምምድ በተናጠል መስመር ቀዳሁና የእያንዳንዱን ድምፅ ሞገድ በኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን ውስጥ አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ ጊታሩ አጃቢ ሆኖ ምቱን ለሁለት ሲከፍለው መካከለኛዋ ድምፅ በ250 ሚሊ ሰከንድ ላይ መውደቅ አለባት። የጋሼ 330 አካባቢ ላይ ትወድቃለች። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመዘግየት ቁጥር አይደለም፤ ምቱን ለሦስት እኩል ከፍሎ ሦስተኛዋን መያዝ ማለት ነው። ሃያ ዓመት በሠርግ ላይ ችክችካ የመታ ቀኝ እጅ፣ ምትን ለሦስት መክፈልን እንደ አተነፋፈሱ ለምዶታል። በእስክስታ ትከሻን የሚያነሳው ይኸው አከፋፈል ነው። ሃርድ ሮክ ደግሞ ምቱን ለሁለትና ለአራት ይከፍላል፤ የድራሙም ስኔር (ስለታም ድምፅ ያለው ከበሮ) በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ እንደ መዶሻ ይወድቃል። የጋሼ እጅ ሠርግ ቤት፣ እግራቸው ሮክ ቤት ነበረ።

ከዚህም በላይ የሚያስተምር ነገር በድራመሩ መስመር ላይ ታየ። ልጁ ብቻውን ሲመታ እንደ ሰዓት ነው። ጋሼ ሲገቡ ግን ምቱን እየጎተተ ወደ እሳቸው ይጠጋል፤ እሳቸው ሲያርፉ ተመልሶ ይስተካከላል። ብቻውን ሳገኘው ጠየቅኩት። «ጋሼን እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ?» አለኝ። በአስተዳደጋችን ታላቅን ጥሎ መሄድ ነውር ስለሆነ፣ ልጁ ምቱን አጥፎ ስህተቱን ለራሱ ሲያደርገው ነበር፤ ጋሼም የሚገጩበት ግድግዳ ስላጡ እጃቸው መሳቱን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

መጀመሪያ የሞከርነው ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ነበር፤ አልሠራም። ብቻቸውን ሲሆኑ ይይዙታል፤ ድራም ሲገባ እጃቸው ወደ ለመደው ይመለሳል። የሠራው ዘዴ ሌላ ነው። ፒኩን (የክር መምቻዋን) ወደ ታች ብቻ፣ አንድም ጊዜ ወደ ላይ ሳይመልሱ፣ በደቂቃ 80 ምት መምታት ጀመሩ፤ ወደ ላይ የሚመለሰው ምት ስለሆነ ችክችካውን የሚጠራው፣ እሱ ሲቀር ልማዱም መያዣ አጣ። ድራመሩ ስኔሩን ትቶ ሃይ ሃቱን (የድራሙን ጥንድ ሰሃን) ብቻ በእኩል ስምንት እንዲመታ፣ ጋሼ የፈለጉትን ቢሆኑ ንቅንቅ እንዳይል በግልጽ ተነገረው፤ ይህን እንዲነግሩት ያደረግነው ራሳቸውን ጋሼን ነው። «ጥለኸኝ ሂድ፤ ካልደረስኩብህ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉት። በአምስተኛው ሳምንት 120 ላይ ደረሱ። ሰኔ 2011 ዓ.ም. ላይ ከተማችን ሐዘን ላይ በወደቀችበት ጊዜ ልምምዱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር፤ ስንመለስ እጃቸው ምቱን አልረሳም።

ጆሮ

ምቱ ከተስተካከለ በኋላ ሌላው ችግር ገሃድ ወጣ። የጋሼ ጊታር ድምፅ ይወጋል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያስተካክለውን የአምፑን ቁልፍ ከአሥር ዘጠኝ ላይ ያደርጉታል፤ እኔ በስውር ወደ ስድስት ስመልሰው «ድምፄ ታፈነ» ብለው ይመልሱታል። እኔም፣ ወጣቶቹም ይህን በፊት ለፊት አልነገርናቸውም። ሥራዬ የድምፅ ማስተካከል ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ጊዜ ዝም በማለቴ አሁንም አዝናለሁ።

የተናገረችው ልጃቸው ናት። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ምሳቸውን ይዛ መጥታ፣ እስኪጨርሱ ከኋላ በር አጠገብ ተቀመጠች። ሶሎው ሲጀምር ሁለት እጇን አንስታ ጆሮዋን ሸፈነች። ጋሼ አዩዋት፤ መጫወታቸውን አቆሙ።

«ምነው?»

«አባዬ፣ ይወጋል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋሼ ወደ እኛ ዞረው አንድ በአንድ አዩን፤ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። በሚቀጥለው ሳምንት በከተማው ካሉ ሆስፒታሎች በአንዱ ጆሯቸውን ተመረመሩ። ወፍራም ድምፆችን ለዕድሜያቸው ጥሩ ይሰማሉ፤ በ4000 ኸርዝ (በሰከንድ 4000 ንዝረት) አካባቢ ግን የምርመራው መስመር በሁለቱም ጆሮ ቁልቁል ይወርዳል፤ በግራው ይብሳል። ይህ ቅርጽ በኃይለኛ ድምፅ የተጎዳ ጆሮ የታወቀ መልክ ነው። አምፑ ድርሻ ይኖረዋል፤ ነገር ግን ያለ መከላከያ ለዓመታት አጠገቡ የቆሙት ክብ መጋዝ ትልቁን ድርሻ እንደያዘ እገምታለሁ። የጊታር ንክሻ የሚባለው፣ ፒኩ ክሩን ሲነካ የሚሰማው ስለት፣ የሚቀመጠው ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ ባለው አካባቢ ነው። ጋሼ ያንን ስለት ባጡ ቁጥር ቁልፉን ይጨምራሉ፤ እሳቸው ዘንድ ልክ ሲሆን እኛ ዘንድ መርፌ ይሆናል።

መፍትሔው ከሦስት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው የአምፑ አቀማመጥ ነው። የስፒከር ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ብቻ ይወረወራል፤ አምፑ መሬት ላይ ሲቀመጥ ስለቱ የተጫዋቹን ባት መትቶ ያልፋል፤ ቆሞ ያለው ሰው የሚሰማው የደነዘዘውን ክፍል ብቻ ነው። አምፑን ወንበር ላይ አውጥቼ ወደ ጆሯቸው አዘነበልኩት። ቁልፉን ሳይነኩ «አሁን ድምፄ መጣ» አሉ። ብዙ ተጫዋቾች ጆሯቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በዚህ ብቻ ይሳሳታሉ። ሁለተኛው መጠኑን ማውረድ ነው። በክፍላችን ውስጥ ስለካው 100 ዴሲቤል ይደርስ ነበር። በሥራ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ ብዙ በሚሠራበት ልኬት 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይወርዳል፤ 100 ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። እኛ ሦስት ሰዓት እንቆይ ነበር። ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽና በሰሌን ሸፈንነው፤ ከቆርቆሮው በታች ብርድ ልብስ ወጠርን፤ ሁሉም የጆሮ መድፈኛ እንዲያደርግ ተስማማን።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው ነው፤ የድምፃቸውን ቀለም ሌላ ጆሮ እንዲወስን መፍቀድ። «የጊታሬን ድምፅ ሰው አይቀምምልኝም» ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራከሩን። በመጨረሻ ልጃቸው ትወስን አሉ። እሷ ከኋላ ቆማ፣ እኔ ቁልፉን እያዞርኩ፣ «እዚህ ላይ» ባለችበት ቦታ ነጭ ፕላስተር ለጠፍንበት። ምልክቱ አምስት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አልነኩትም።

ዜማ

ጋሼን በጣም ያስጨነቃቸው ግን ዜማው ነበር። «ሮኩ ከኔ ወጥቷል፤ አሁን ያለኝ የሠርግ ቤት ጊታር ነው» ይሉ ነበር። በዚህ ላይ ተሳስተዋል፤ ስህተታቸውንም በጊታሩ ላይ ማሳየት ተችሏል። የሮክ ሊድ የቆመበት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ከላ ሲነሳ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። ይህ ከአገራችን ቅኝቶች አንዱ፣ ባለማይነሩ ባቲ ነው። ይኸው አምስት ድምፅ ከዶ ሲነሳ ደግሞ ሜጀር ትዝታ ይሆናል። ጋሼ በየሠርጉ ሃያ ዓመት ሲያመላልሷቸው የኖሩት ድምፆች እነዚሁ ናቸው። ክሩን ስበው ከሬ ወደ ሚ ሲያንሸራትቱት፣ መድረሻው ላይም ትንሽ ሲያርገበግቡት፣ ሁለተኛው ጊታሪስት በፍጥነት ቢበልጣቸውም ያንን አንድ ድምፅ ግን እንደሳቸው ማውጣት አልቻለም። መሰንቆ ሰምቶ ያደገ ጆሮ የሚያውቀው ዓይነት አነካክ ነው።

የሶሎውን ርዝመት ያሳጠሩት ራሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ላይ ወጣቱን ለመስተካከል እየጣሩ ሁለት ደቂቃ ይጫወቱ ነበር። አንድ ቀን ቅጂውን ሰምተው ሲያበቁ «ይሄ ቅኔ ቢሆን መምህሬ ቆጠራህ ተበላሽቷል ይሉኝ ነበር» አሉ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በሁለቱ ውስጥ ሰምና ወርቁ ካልተያዘ ሦስተኛ ቤት አያድነውም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሶሎ በሁለት ሐረግ ሠሩት፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ይመልስና ቤት ይመታል። በሥራው ሁሉ ውስጥ እኔን ይህን ያህል ያስደሰተኝ ነገር የለም።

ችግር የገጠመን በሁለት ጊታር አብሮ ዜማ ማውጣት ላይ ነው፤ ቲን ሊዚ የታወቀበት ይህ አሠራር የዜማዊ ሃርድ ሮክ መለያ ነው። ልማዱ ሁለተኛው ጊታር ከዜማው በሦስተኛ ድምፅ ርቀት ከፍ ብሎ እንዲሄድ ነው። የኛን ዜማ በዚህ መንገድ ስንሠራው ላ ዶን፣ ዶ ሚን፣ ሬ ፋን፣ ሚ ሶልን፣ ሶል ሲን ይዞ ይመጣል፤ ፋ እና ሲ ከባቲ ውጭ ናቸው። ጋሼ እነዚያ ሁለቱ በመጡ ቁጥር ፊታቸው ይጨፈገጋል፤ «ቅኝቱን ሰው ገባበት» ይላሉ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሁለተኛው ጊታር ከአምስቱ ሳይወጣ አንድ ድምፅ እየዘለለ እንዲከተል አደረግነው፤ ላ ሲባል ሬ፣ ዶ ሲባል ሚ፣ ሬ ሲባል ሶል፣ ሚ ሲባል ላ፣ ሶል ሲባል ዶ። ርቀቱ ከአንዱ በስተቀር አራተኛ ይሆናል። ድምፁ ከውጮቹ የጠነከረና ክፍት ያለ ነው፤ በዲስቶርሽንም ሲጫወቱት ከሦስተኛው ርቀት ይልቅ ይጠራል፤ ዲስቶርሽን ሁለት ድምፆችን ሲያዋህድ የሚፈጥራቸው ተጨማሪ ድምፆች በአራተኛና በአምስተኛ ርቀት ላይ ከዜማው ጋር በተሻለ ይስማማሉና።

መድረክ፣ ያልሠራውም

የመጀመሪያው ዝግጅት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተደረገ። ማስታወቂያው የተጻፈው ስለ ጋሼ መመለስ እንጂ ስለ ሙዚቃው ዓይነት አልነበረም። በከተማው የሚያውቃቸው ሰው ሠርጉን ያደመቁለት ሰው ስለሆነ፣ አዳራሹ እስክስታና ትዝታ በሚጠብቅ ታዳሚ ሞላ። በሁለተኛው ዘፈን ላይ የፊት ወንበሮች ተነሡ። አንዲት እናት መድረኩ ሥር መጥተው «የልጄን ሠርግ ዘፈን» ሲሏቸው፣ ጋሼ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ ለሚቀጥለው ዘፈን የምት ቁጥር እስኪሰጥም ድረስ ቀና አላሉም። ጥፋቱ የኛ፣ የአዘጋጆቹ ነበር። ሁለተኛው በየካቲት ሲደረግ ማስታወቂያው ላይ «ሃርድ ሮክ» ተብሎ በትልቁ ተጻፈ። የመጣው ሰው 80 አይሞላም፤ ማንም ግን እስኪያልቅ አልወጣም።

ሦስተኛው ለመጋቢት ታስቦ ነበር፤ በኮሮና ምክንያት ሕዝባዊ ስብሰባ ሲከለከል ቀረ። በዚያ ፋንታ አራት ዘፈኖችን ቀዳን። ድምፃዊው ወደ አዲስ አበባ ስለሄደ አንዱ ዘፈን ያለ ግጥም ቀርቷል። ሥራው ለማንም ገቢ አላስገኘም፤ ወጪውን የሸፈኑት ጋሼ ከእንጨት ሥራቸው ነው። ወጣቱን ጊታሪስት በጋሼ ዘንድ በቋሚነት ለማስተማር የነበረን ሐሳብም አልሆነም፤ ልጁ ፍጥነት ይፈልጋል፣ እሳቸው ዝምታ ያስተምራሉ።

ለሌሎች የሚሆን

በእንዲህ ያለ መመለስ ውስጥ ለሚገቡ አንጋፋዎችና አብረዋቸው ለሚሠሩ የምመክረው፣ ከሁሉ በፊት ስህተት የሚነገርበትን መንገድ ማበጀት ነው። እኛ ዘግይተን ያገኘነው ዘዴ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ልምምድ ያለፈውን ቅጂ በመስማት ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ አጨዋወት አንድ ጉድለት ይናገራል፤ የመጀመሪያው ተናጋሪም ታላቁ ነው። ጋሼ የራሳቸውን ከተናገሩ በኋላ ወጣቱ አፉ ይፈታል፤ ክብሩም አይጎድልም።

ሁለተኛው፣ የተመላሹን የመካከል ዘመን መመርመር ነው። ሰውየው በተለየበት ጊዜ ምን ሲሠራ ኖረ? እጁ ምን ለመደ? ጆሮው ምን ሰማ? የጋሼ ሃያ የሠርግ ዓመታት ምታቸውን አሳስተውባቸዋል፤ ዜማቸውን ደግሞ አዳብረውላቸዋል። ሁለቱን ሳይለዩ ያንን ዘመን በጅምላ እንደ ጠፋ ጊዜ መቁጠር ወይም በጅምላ ማወደስ አይጠቅምም።

ሦስተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የተወለደው የእንግሊዝ ሮክ ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞር ከሮክ ወጥቶ ከ1997 ጀምሮ ሕዳሴ ዘመንን በሚያስታውስ ለስላሳ ሙዚቃ ላይ ቆይቶ፣ በ2016 ወደ ሮክ መድረክ ሲመለስ በዚያ ዓመት ያደረገው ሦስት ዝግጅት ብቻ ነው፤ ሁለቱን በጀርመን፣ አንዱን በበርሚንግሃም። በአንጻሩ የዩሮፕ ጊታሪስት ጆን ኖረም በ1986 ቡድኑን ለቅቆ፣ ቡድኑ በ2003 ዳግም ሲሰባሰብ ተመልሶ ለዓመታት ዘልቋል፤ ሲመለስ ግን ገና በአርባ ዓመቱ አካባቢ ነበር። ለ61 ዓመት ሰው የመጀመሪያው ምሳሌ ይቀርባል። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ዝግጅት፣ እያንዳንዳቸው ከ40 ደቂቃ ያልበለጡ፣ ለኛ ልክ ነበሩ።

የጆሮ ምርመራውን ግን በመጀመሪያው ሳምንት አድርጉት፤ ክር ከመቀየራችሁም፣ አምፕ ከመግዛታችሁም በፊት። እኛ ዘንድ ምርመራው የፈጀው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው፤ ሳንመረመር የቆየንበት ደግሞ ሰባት ወር።